ስለ አሮጌ የእጅ መላጊያዎች ጥራትና ዋጋ አመዛዘን

መላጊያ ሳንቃን ለማቅናትና ለማለስለስ የሚያገለግል የአናጢ መሣሪያ ነው። ከመጥረቢያ የሚለይበት ዋናው ነገር፣ ስለቱ በአንድ አካል ውስጥ ታስሮ ከታችኛው ገጽ እጅግ በጥቂቱ ብቻ ብቅ ማለቱ ነው። በዚህም ምክንያት ከሳንቃው ላይ የሚነሣው ፍቅፋቂ ውፍረት የሚወሰነው በክንድ ብርታት ሳይሆን በመሣሪያው አሠራር ነው። መሣሪያው ጥንታዊ ነው፤ የሮማውያን መላጊያዎች በኢጣልያ ከፖምፔይ፣ በእንግሊዝ አገር ደግሞ ከሲልቸስተር ፍርስራሽ ተገኝተዋል። በ1545 ዓ.ም. በሰመጠችው ሜሪ ሮዝ በተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ውስጥም ከአናጢዎቹ ዕቃ ጋር መላጊያዎች ወጥተዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በእንግሊዝና በሰሜን አሜሪካ መኪና የእጅን ሥራ እየተካ ሲሄድ፣ አሮጌው መላጊያ ከአናጢው የሥራ ገበታ ወደ ሰብሳቢዎች መደርደሪያና ወደ ቤተ መዘክር ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ «ይህ መላጊያ ጥሩ ነውን? ዋጋውስ ምን ያህል ነው?» የሚል ጥያቄ ዘወትር ይነሣል። ጥያቄው አንድ ይምሰል እንጂ በእውነቱ ሦስት ነው። አንደኛው የሥራ ዋጋ ነው፤ ይኸውም መሣሪያው ዛሬ እንጨት በደንብ ይልጋልን ማለት ነው። ሁለተኛው የምስክርነት ዋጋ ነው፤ ይኸውም መሣሪያው ስለ ሠሪው፣ ስለ ባለቤቶቹና ስለ ዘመኑ ምን ያስረዳል ማለት ነው። ሦስተኛው የገበያ ዋጋ ነው፤ ይኸውም ገዢ ምን ያህል ይከፍልበታል ማለት ነው። እነዚህ ሦስቱ ሚዛኖች ብዙ ጊዜ አይስማሙም። ከዚህም በላይ በአንደኛው ሚዛን ብቻ የሚፈርድ ሰው ሌሎቹን ዋጋዎች በገዛ እጁ ሊያጠፋቸው ይችላል። ስለዚህ የአመዛዘኑን ሥርዓት በቅደም ተከተል ማወቅ ያስፈልጋል።

ሀ) ስለ እንጨት መላጊያ

የእንጨት መላጊያ አራት ዋና ክፍሎች አሉት፤ እነርሱም አካሉ፣ ምላጩ፣ ምላጩን በቦታው የሚያጠብቀው ሽብልቅ፣ እንዲሁም በታችኛው ገጽ ላይ ምላጩ ብቅ የሚልበትና ፍቅፋቂው የሚገባበት አፍ ናቸው። በእንግሊዝ አገር አካሉ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ቢች ከተባለው ዛፍ ነው፤ በአሜሪካ የቀደሙት ሠሪዎች ግን ቢጫ በርች የሚባለውን ዛፍ ይጠቀሙ ነበር። እንግዲህ የአካሉ እንጨት ዓይነት ብቻውን ስለ አገሩና ስለ ዘመኑ የመጀመሪያውን ፍንጭ ይሰጣል።

እንጨቱ እንዴት እንደ ተቈረጠም መመልከት ይገባል። ጥሩ ሠሪ ለረጅም ጊዜ የደረቀ እንጨት መርጦ፣ የዛፉ የዕድገት ቀለበቶች ከመላጊያው የታችኛው ገጽ ጋር ትይዩ ሆነው እንዲተኙ አድርጎ ይቈርጠዋል። እንዲህ የተቈረጠ አካል እርጥበትና ድርቀት ሲፈራረቁበት እምብዛም አይጣመምም። ቀለበቶቹ ሰያፍ ሆነው የሚታዩበት አካል ግን ብዙ ጊዜ የርካሽ ሥራ ምልክት ነው፤ ከዓመታት በኋላም ጠማማ ሆኖ ይገኛል።

ከዚህ ቀጥሎ ልኩና ጠርዙ ይመረመራል። በበር፣ በመስኮትና በሣጥን ጠርዝ ላይ ጌጥ የሚያወጡት ቀጫጭን መላጊያዎች በ18ኛው ምዕት ዓመት ርዝመታቸው ወደ 10 ኢንች፣ ማለት ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ይደርስ ነበር፤ በኋላ ግን 9 ኢንች ተኩል፣ ማለት 24 ሳንቲ ሜትር ያህል መሆን የተለመደ ልክ ሆነ። የላይኛው ጠርዛቸውም በቀደመው ዘመን ሰፊና ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀረጥ ነበር፤ በ19ኛው ምዕት ዓመት ግን ጠበብ ብሎ ክብ ሆነ። ስለዚህ ማኅተም የሌለበት መላጊያ እንኳ ቢሆን በማስመሪያና በዓይን ብቻ በግምት ከዘመኑ ጋር ሊያያዝ ይችላል።

ማኅተም ሲኖር ምስክርነቱ ይጠነክራል። በእንግሊዝ አገር ብዙው አናጢ በጥንት ጊዜ መላጊያውን ራሱ ይሠራ ነበር። መላጊያ መሥራት ራሱን የቻለ ሙያ እየሆነ የሄደው በ17ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው፤ በለንደን ቶማስ ግራንፎርድ፣ ከእርሱም ሥር ሙያውን የተማረው ሮበርት ውዲንግ ከመጀመሪያዎቹ ይቈጠራሉ። እነዚህ ሠሪዎች ስማቸውን በመላጊያው የፊት ግንባር ላይ በብረት ማኅተም መምታት ልማድ አደረጉ። ደብልዩ. ኤል. ጉድማን በ1968 ዓ.ም. ያሳተመው የብሪታንያ መላጊያ ሠሪዎች መዝገብ የተመሠረተው በአብዛኛው እነዚህን ማኅተሞች ከጽሑፍ ማስረጃዎች ጋር በማስተያየት ነው።

ሆኖም ማኅተም አነባበብ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአንድ መላጊያ ላይ ሦስት ዓይነት ስሞች ሊገኙ ይችላሉ። የሠሪው ስም ብዙውን ጊዜ በፊት ግንባሩ መካከል ከፍ ብሎ አንድ ጊዜ ብቻ ይመታል። የባለቤቱ ስም ግን መሣሪያው እንዳይሰረቅ ወይም ከሥራ ባልደረባ መሣሪያ ጋር እንዳይቀላቀል የሚመታ ስለሆነ፣ በፊትም በኋላም በጎንም ተደጋግሞ ይታያል። መሣሪያው ከአንዱ አናጢ ወደ ሌላው ሲተላለፍ የእያንዳንዱ ስም ከቀዳሚው አጠገብ ይመታ ስለ ነበር፣ የሁለትና የሦስት ትውልድ ባለቤቶች በአንድ እንጨት ላይ ተሰልፈው የሚገኙበት ጊዜ አለ። ሦስተኛው ስም በምላጩ ላይ ያለው ነው፤ ይህ ብዙውን ጊዜ በሼፊልድ ከተማ የሚኖረው የብረት ሠሪ ስም ነው እንጂ የመላጊያው ሠሪ ስም አይደለም። እነዚህን ሦስት ስሞች የሚያደባልቅ ሰው የመላጊያውን አገርና ዘመን ይስታል።

ምላጩ ራሱ በሁለት መንገድ ይመዘናል። የቀድሞው ምላጭ ሙሉ በሙሉ አረብ ብረት አልነበረም፤ በለስላሳ ብረት ላይ ቀጭን የአረብ ብረት ንጣፍ በእሳት ተጣብቆበት የሚሠራ ነበር። በተሳለው ጫፍ ላይ በሁለቱ መካከል ያለው መስመር በግልጽ ይታያል። ምላጩ በተሳለ ቍጥር ንጣፉ እያጠረ ስለሚሄድ፣ የቀረው የአረብ ብረት ርዝመት የመሣሪያውን የቀሪ ሥራ ዕድሜ ይለካል። ዝገትም ቢሆን እኩል አይፈረድበትም። በላይ በላዩ ያለ ቀይ ዝገት በዘይትና በጨርቅ ይለቃል፤ በምላጩ ጠፍጣፋ ጀርባ ላይ እስከ ስለቱ ድረስ የዘለቀ ጕድጓድ ግን ስለቱን ያቈራርጠዋል፤ በስተላይ በኩል ያለው ተመሳሳይ ጕድጓድ ግን ለሥራ እምብዛም አይጐዳም።

ሽብልቁ ከአካሉ ጋር የተሠራ መሆኑ በቀለሙ፣ በቅርጹና በአገባቡ ይታወቃል። ከቀዳዳው ጋር በሁለቱም ጎን እኩል የማይገጥም ሽብልቅ በኋላ የተተካ መሆኑ ያጠራጥራል። አፉ ደግሞ የመሣሪያውን የሥራ ታሪክ ይናገራል። የምላጩ መተኛ ሰያፍ ስለሆነ፣ የታችኛው ገጽ በአገልግሎት ባለቀ ቍጥር አፉ እየሰፋ ይሄዳል፤ የሰፋ አፍ ፍቅፋቂውን አጥብቆ ስለማይዝ እንጨቱን ይቦጫጭቃል። አናጢው ይህን ሲያይ ከአፉ ፊት ጠንካራ እንጨት ቀርጾ ይለጥፍበት ነበር። ሰብሳቢ ይህን ልጥፍ እንደ ጕድለት ሊቈጥረው ይችላል፤ ለባሕል ተመራማሪ ግን መሣሪያው ብዙ ዘመን እንዳገለገለና ባለቤቱም ከመጣል ይልቅ ማደስን እንደ መረጠ የሚያስረዳ ምስክር ነው።

ለ) የአንድ ማኅተም ምስክርነት

ማኅተም ከገበያ ዋጋ በላይ ምን ያህል ነገር እንደሚሸከም በማሳቹሴትስ የሚገኘው የሬንተም ከተማ ታሪክ ያሳያል። በዚያ ፍራንሲስ ኒኮልሰን የተባለ ሰው በ18ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ አጋማሽ መላጊያ ይሠራ ነበር፤ በአሜሪካ በማስረጃ ከሚታወቁት መላጊያ ሠሪዎችም ቀዳሚው ነው። ሲዛር ቼሎር የተባለ ጥቁር ሰው በባርነት በእርሱ ቤት ይኖርና ሙያውን ይሠራ ነበር። ኒኮልሰን በ1753 ዓ.ም. ሲሞት በኑዛዜው ቼሎርን ነጻ አወጣው፤ የሥራ ገበታ፣ መሣሪያዎች፣ ከእንጨቱ ድርሻና 10 ኤከር፣ ማለት 4 ሄክታር ያህል መሬትም ተወለት። ቼሎር ከዚያ በኋላ እስከ ሞተበት እስከ 1784 ዓ.ም. ድረስ በራሱ ስም መላጊያ እየሠራ ኖረ። ማኅተሙ ስሙንና በሬንተም የሚኖር መሆኑን ይገልጻል፤ ይኸውም ጌታው የነበረው ኒኮልሰን ይጠቀምበት የነበረውን የማኅተም አነጋገር የተከተለ ነው። በታሪክ ከሚታወቁት ጥቁር አሜሪካውያን መሣሪያ ሠሪዎች ቀዳሚው ተብሎ የሚጠቀሰው እርሱ ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርቶች ይገኛሉ። አንደኛ፣ ማኅተም የሚመሰክረው መሣሪያውን በስሙ የመሸጥ መብት ያለው ማን እንደ ነበረ ነው እንጂ ሁልጊዜ የማን እጅ እንደ ሠራው አይደለም። ከ1753 ዓ.ም. በፊት የኒኮልሰን ስም ተመትቶባቸው ከወጡት መላጊያዎች አንዳንዶቹን የቼሎር እጅ ሠርቷቸው ሊሆን እንደሚችል መገመት ተገቢ ነው፤ ማኅተሙ ግን ይህን አይናገርም። ስለዚህ የሁለቱን ሰዎች ሥራዎች የጠርዝ አቀራረጽ፣ የሽብልቅ ቅርጽና የአፍ አከፋፈት ጎን ለጎን ማስተያየት ማኅተሙ የሸሸገውን ለመፈለግ የቀረው መንገድ ነው። ሁለተኛ፣ እንዲህ ያለው ማስረጃ የተቀመጠው በእንጨቱ ላይ በተመታ ጥቂት ፊደል ውስጥ ነው። ዛሬ የቼሎር ማኅተም ያለበት መላጊያ በብዙ ሺህ ዶላር ይሸጣል። ይሁን እንጂ ያንኑ መላጊያ ስለ ማኅተሙ የማያውቅ ሰው ቢያገኘውና ለማሳመር ግንባሩን በብርጭቆ ወረቀት ቢፈገፍገው፣ ከደቂቃዎች በኋላ በእጁ የሚቀረው ከንጹሕ የበርች ቍራጭ አይበልጥም።

ሐ) ስለ ብረት መላጊያ

በ19ኛው ምዕት ዓመት ሁለት ዓይነት የብረት መላጊያዎች ተስፋፉ። የመጀመሪያው በብሪታንያ የተወደደው፣ ከብረት የተሠራ ሣጥን መሰል አካል ሆኖ ውስጡ በከባድ እንጨት የሚሞላው ነው። በስኮትላንድ በኤር ከተማ ስቲዋርት ስፓይርስ፣ በለንደንም ቶማስ ኖሪስ በዚህ ሥራ ስመ ጥር ሆኑ። በምርጦቹ ላይ የታችኛው ሰሌዳና የጎን ሰሌዳዎቹ እርስ በርስ በሚነካከሱ ጥርሶች ተያይዘው ከተሞረዱ በኋላ መጋጠሚያው ለዓይን አይታይም ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለውን መላጊያ የሚመረምር ሰው በመጀመሪያ መጋጠሚያዎቹ አለመላቀቃቸውን፣ ከዚያም በውስጥ የተሞላው እንጨት በመድረቅ ከብረቱ ላይ አለመሸሹን፣ በመጨረሻም ምላጩ ከመኝታው ጋር ክፍተት የሌለው መሆኑን ያያል። ኖሪስ በ1913 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ያገኘበት የምላጭ ማስተካከያ ያለባቸው መላጊያዎች በሥራም በገበያም ይፈለጋሉ።

ሁለተኛው ከቀለጠ ብረት በቅርጽ የሚፈስሰው የአሜሪካ መላጊያ ነው። ሊዮናርድ ቤይሊ ምላጩን በሽብልቅ ፋንታ በክዳን የሚያጠብቅ፣ ጥልቀቱንም በጣት በሚዞር የነሐስ ዳዶ የሚያስተካክል አሠራር ፈጠረ። በኮኔቲከት የሚገኘው የስታንሊ ኩባንያ በ1869 ዓ.ም. የቤይሊን የፈጠራ መብቶች ገዛ፤ ከዚያ ወዲህ ይህ ዓይነት በዓለም ተስፋፋ። መጠናቸው በቍጥር ይታወቃል፤ ቍጥር 1 ርዝመቱ 14 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ቍጥር 4 ወደ 23፣ ቍጥር 8 ደግሞ ወደ 61 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል።

የእነዚህ መላጊያዎች ዘመን የሚታወቀው በማኅተም ብቻ ሳይሆን በክፍሎቻቸው ለውጥ ነው። ሮጀር ስሚዝ በ1981 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ እነዚህን ለውጦች በተራ መድቧቸዋል። ለምሳሌ ከምላጩ መደገፊያ በስተኋላ በአካሉ ላይ ሦስት የፈጠራ መብት ቀኖች ያሉበት መላጊያ ከ1910 እስከ 1918 ዓ.ም. ገደማ የተሠራ ነው። የፊተኛው እጀታ ሥር ከፍ ባለ ቀለበት የተከበበበት ከ1930 ዓ.ም. አካባቢ ወዲህ ነው፤ የክዳኑ ቀዳዳ የኩላሊት ቅርጽ የያዘው ደግሞ ከ1933 ዓ.ም. አካባቢ ወዲህ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነሐስ ለጦር ሥራ ስለ ተፈለገ፣ ማስተካከያው ዳዶ ከብረት ወይም ከጠንካራ ጎማ ይሠራ ነበር፤ እጀታውም በሮዝውድ ፋንታ ከተቀባ ተራ እንጨት ሆነ። የጦርነቱ ዘመን መላጊያ መልኩ ድኻ ቢሆንም አካሉ ወፍራምና ከባድ በመሆኑ ለሥራ የሚመርጡት አናጢዎች አሉ፤ የገበያ ዓይንና የሥራ እጅ የማይስማሙበት አንድ ምሳሌ ይኸው ነው።

ይህ የዘመን አመዳደብ ግን እንደ ሕግ መያዝ የለበትም። ፋብሪካው አዲስ ክፍል ሲያወጣ የተረፉትን የቀድሞ ክፍሎች ስለማይጥላቸው፣ የሁለት ዘመን ምልክት የያዘ እውነተኛ መላጊያ ይገኛል። በሌላ በኩል የአንዱን አካል ከሌላው መደገፊያና ክዳን ጋር አገጣጥሞ የሚሸጥ ነጋዴም አለ። ሁለቱን ለመለየት የዝገቱ መልክ፣ የጥቁር ቅቡ አለቃቀቅና የብሎኖቹ አረጀት በሁሉም ክፍሎች ላይ አንድ ዓይነት መሆኑ ይታያል፤ አብረው የኖሩ ክፍሎች አብረው ያረጃሉና።

የአካሉ ጤንነት ከሁሉ በፊት ይታያል። ቀልጦ የፈሰሰ ብረት ሲወድቅ ይሰበራል እንጂ አይጐብጥም። ስንጥቅ በብዛት የሚገኘው በአፉ ሁለት ማዕዘኖችና ከአፉ አጠገብ ባለው የጎን ግድግዳ ላይ ነው፤ በብየዳ የተደፈነ ስንጥቅ ደግሞ በቀለም ይሸሸጋል። እንዲህ ያለው መላጊያ ለሥራ ቢጠቅምም የገበያ ዋጋው እጅግ ይወድቃል። ብሎኖቹም መቈጠር አለባቸው፤ ስታንሊ የተጠቀመባቸው አንዳንድ የብሎን ጥርሶች ከተለመደው ልክ ውጭ ስለሆኑ የጠፋውን ከማናቸውም ሱቅ ገዝቶ መተካት አይቻልም። የኋላው እጀታ የላይኛው ጫፍ መሰበሩ የተለመደ ነው፤ ይህ ዋጋን ይቀንሳል እንጂ ሥራን አይከለክልም።

መ) ብርቅነትና ጥራት

የገበያ ዋጋን ከፍ የሚያደርገው በዋናነት ብርቅነት ነው። የስታንሊ ቍጥር 1 ትንሽ ስለሆነ በአዋቂ ሰው እጅ ለመያዝ እንኳ ያስቸግራል፤ ብዙም አልተሸጠም፤ በዚህ ምክንያት ዛሬ ዋጋው ከብዙ ቍጥር 4 መላጊያዎች ድምር ይበልጣል። ቍጥር 4 ግን በየአናጢው ቤት ስለ ነበረ በርካሽ ይገኛል፤ በሥራ በኩል ሲመዘን ከሁለቱ የሚመረጠው እርሱ ነው። እንግዲህ ከፍተኛ ዋጋ የከፍተኛ ጥራት ማስረጃ አይሆንም፤ ዝቅተኛ ዋጋም የዝቅተኛ ጥራት ማስረጃ አይደለም። ብርቅነት ሌላም ጣጣ ያመጣል፤ ዋጋው ከፍ ባለበት ሁሉ አስመስሎ የሚሠራ ሰው አይጠፋም። የቍጥር 1 አምሳያዎች በገበያ ላይ ታይተዋል።

ሠ) ስለ ማጽዳትና ስለ ፍርድ ቅደም ተከተል

ሁለት የእንጨት መላጊያዎች ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ አንደኛው ተፈግፍጎ፣ አዲስ ቫርኒሽ ተቀብቶ፣ ምላጩም በጎማ መንኰራኵር ተወልውሎ የሚያብረቀርቅ ሲሆን፣ ሌላው ደግሞ በእጅ ወዝ የጠቈረ፣ አፉ የተለጠፈ፣ የሦስት ባለቤቶች ስም የተመታበት፣ በጕሮሮውም የመጨረሻው አናጢ ፍቅፋቂ የቀረበት ቢሆን፣ እንግዳ ዓይን ፊተኛውን ይመርጣል። ይሁን እንጂ ከፊተኛው የሚጠየቅ ነገር አይገኝም። ከሁለተኛው ግን የእጁ አያያዝ በወዙ ቦታ፣ የሥራው ብዛት በአፉ ልጥፍ፣ የባለቤቶቹ ተራ በስማቸው ይነበባል፤ የሚላገው የዛፍ ዓይነት እንኳ ከፍቅፋቂው ሊታወቅ ይችላል።

ስለዚህ ምርመራው የሚከተለውን ተራ ቢይዝ ይበጃል። መጀመሪያ መሣሪያው ሳይነካና ሳይጸዳ እንዳለ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ርዝመቱ፣ ስፋቱና የምላጩ ስፋትም ይመዘገባል። ሁለተኛ፣ ማኅተሞቹ ከጎን በሚመጣ ብርሃን ይነበባሉ፤ እያንዳንዱም የሠሪ፣ የባለቤት ወይም የብረት ሠሪ መሆኑ ተለይቶ ይጻፋል። ሦስተኛ፣ ክፍሎቹ አብረው የኖሩ መሆናቸው ይጣራል። አራተኛ፣ ስንጥቅ፣ የእንጨት ነቀዝ፣ ጠማማነትና የስለት ዝገት ይመረመራል። የገበያው ዋጋ የሚጠየቀው ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ነው። ማጽዳት የሚያስፈልግ ሆኖ ከተገኘም የሚወገደው ልል ዝገትና አቧራ ብቻ ነው፤ በስስ ዘይትና በጨርቅ ይበቃል፤ በማኅተም ላይ ግን ምንም ዓይነት መፈግፈጊያ አይነካም።

መላጊያው ለሥራ የተፈለገ እንደሆነ የአናጢው መብት የተጠበቀ ነው፤ በየትም የሚገኘውን ቍጥር 4 አቅንቶና ስሎ ቢሠራበት ምንም ነገር አያጠፋም፤ እንዲያውም መሣሪያውን ለተሠራበት ዓላማ ይመልሰዋል። ጥንቃቄው የሚያስፈልገው ምስክርነቱ ሌላ ቦታ በማይገኝ መሣሪያ ላይ ነው። የተጣመመ አካል ሊቀና፣ የደነዘ ስለት ሊሳል፣ የጠፋ ሽብልቅም ሊቀረጽ ይችላል፤ ከግንባሩ ላይ የተፋቀ ስም ግን በማናቸውም ጥበብ አይመለስም። የሬንተሙ ሲዛር ቼሎር ስሙን በኖረበት ከተማ ስም ላይ አስደግፎ በእንጨት ላይ ባይመታው ኖሮ፣ ወይም ከእርሱ በኋላ መሣሪያውን የያዙት ሰዎች ማኅተሙን ቢፍቁት ኖሮ፣ የእጁ ሥራ ዛሬ ስም ከሌላቸው አሮጌ መላጊያዎች መካከል ተቀላቅሎ በቀረ ነበር።